መዳብን የሚያጠቁረው ድኝ እንጂ በረኪና አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅርቡ በቤት ውስጥ ሙያ ዓምዳችሁ የመዳብ አምባርና ትሪ እቤት እንዴት እንደሚጠቁር የወጣውን ምክር፣ እዚህ ጅማ በመዳብ ጌጥ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ተቀባብለን አነበብነው። ነገሩ መነሳቱ ደግ ነው። ምክሩ ግን ሁለት ስህተት አለበት፤ አንደኛው ሥራ ያበላሻል፣ ሁለተኛው ሰው ይጎዳል።

ሰው የሚጎዳውን እናስቀድም። «አቼቶና በረኪና እኩል ቀላቅሎ መዳቡን መዘፍዘፍ» የሚለው መስመር ፈጽሞ መውጣት አልነበረበትም። በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ አቼቶም፣ ሎሚም አሲድ ናቸው። ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳንባ ያሳብጣል። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ሆኖ ለተነፈሰው ደግሞ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል። በረኪና ከአሞኒያ ጋር፣ ስለዚህም ከሰነበተ ሽንት ጋር ቢገናኝ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህን ያነሳነው «ድሮ በሽንት ነበር የሚሠራው» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። አቼቶና ጨው መዳብን አያጠቁሩትም፤ ያሻግቱታል ቢባል ይቀላል። የሚወጣው ነገር አረንጓዴ ዝገት ነው፤ ዱቄት ሆኖ እጅ ላይ ይቀራል፣ ወደ አፍ ከገባም መርዝ ነው። በረኪናው ደግሞ እዚህም እዚያም እየበላ ነጠብጣብና ጉድጓድ ይተዋል። ጥቁሩን የሚሰጠው ድኝ ነው። ድኝ ከመዳብ ጋር ሲዋሃድ የመዳብ ሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ስስ ቆዳ ይሠራል። የሥራው ሁሉ ምስጢር ያ ቆዳ ስስ ሆኖ፣ ደጋግሞ፣ ንጹሕ መዳብ ላይ እንዲያድግ ማድረግ ነው። «ጠንከር ያለ ውሁድ ቶሎ ያጠቁራል» የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው፤ ቶሎ ያጠቁራል፣ በሳምንቱም ይረግፋል።

በመጀመሪያ ዕቃው መዳብ መሆኑ ይታወቅ። በአማርኛችን መዳብ፣ ናስና ነሐስ ሲቀላቀሉ ስለኖሩ ገበያ ላይ በስም መተማመን አያዋጣም። መዳብ ቀይ ነው። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ቢጫ ነው። ነሐስ መዳብና ቲን ነው፤ ወደ ቡናማ ወርቅማ ያደላል። ከዕቃው ሥር በማይታይ ቦታ በሞረድ ትንሽ ፋቅ አድርጎ ቀለሙን ማየት፣ ከዚያም ማግኔት ማስጠጋት በቂ ነው። ማግኔቱን ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፣ መዳቡ ስስ ልባስ ብቻ ነው፤ ሲፈተግ ተልጦ ያልቃል። ናስ በድኝ ውሃ እንደ መዳብ አይጠቁርም፤ ዚንኩ እንቢ ይላል፣ ቢበዛ ወደ ቆሻሻ ቡናማ ይሄዳል። ለናስ የሚሆን መላ ወደ ኋላ እንጠቁማለን።

ከሱቅ የተገዛ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ቫርኒሹ ካልተነሳ የፈለገው ውሁድ ቢሆን መዳቡን አይነካውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን በጥጥ ተደርጎ ሲታሸት ይነሳል፤ እሳት አጠገብ ግን አይሆንም። ከተቃጠለ ሞተር እየተፈታ ለአምባር የሚጠቀለለው ሽቦም እንዲሁ ነው። ቀለሙ መዳብ ቢመስልም ዙሪያውን የኤሌክትሪክ መከላከያ ቅብ አለው። ያን ቅብ እሳት ላይ ጥሎ ማቃጠል የተለመደ ቢሆንም ጭሱ መርዘኛ ነው፤ የመብራት ገመድ ላስቲክ ማቃጠል ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ገመዱን በቢላ መላጥ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

አሁን ማጽዳት። እዚህ ላይ ብዙ የምንቆየው ከአሥር የተበላሸ ሥራ ዘጠኙ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ነው። የመዳብ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ አለ፤ ዝገትና ቅባት። የሚነሱበትም መንገድ የተለያየ ነው። ለዝገቱ ግማሽ ሎሚ ላይ ደቃቅ ጨው ነስንሶ ማሸት ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ሮዝ መሰል ቀይ ገጽ ብቅ ይላል። ከዚያ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ስለ ብዛቱ ስናሳስብ ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ የቀረ የሎሚ አሲድ ወደ ድኙ ውሁድ ሲገባ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያስወጣል። ሁለተኛ፣ በስፌትና በቅርጽ ውስጥ የተደበቀ ጨው እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አየር ውሃ እየሳበ ከሰም ሥር ይቀመጥና፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይፈነዳል። «ሥራው ጥሩ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ተበላሸ» ሲባል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዝናቡ ሳይሆን የቀረው ጨው ነው። ከታጠበ በኋላ በግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ለአንድ ደቂቃ መንከር አሲዱን ይጨርሰዋል።

ቅባቱን ሎሚ አያነሳውም። ለዚያ ፈሳሽ ሳሙናና የተነፋ አመድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይሠራል። አመዱ ራሱ ቅባት ይቆርጣል፣ እግረ መንገዱንም ገጹን በትንሹ ያሻክረዋል። ሻካራነቱ ይፈለጋል፤ እንደ መስታወት የተወለወለ ገጽ ጥቁሩን በደንብ አይዝም። ትልልቅ ጭረት ያለበትን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ600 አስተካክሎ እዚያ ላይ ማቆም ነው።

ንጽሕናውን የሚለየው ዓይን ሳይሆን ውሃ ነው። ዕቃውን ከቧንቧ ሥር አድርጎ ማውጣትና አዘንብሎ ማየት ነው። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከፈሰሰ ገጹ ንጹሕ ነው። እየሸሸ በጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጠል ከተሰበሰበ እዚያ ቦታ ቅባት አለ፤ ሳሙናውና አመዱ ይደገም። ፈተናውን ካለፈ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም። የአውራ ጣት ላብ በቂ ነው፤ መዳቡ ሲጠቁር የጣት አሻራው መስመር በመስመር ሳይቀር ቀይ ሆኖ ይወጣል። በጥጥ ክር ወይም በራሱ በመዳብ ሽቦ አንጠልጥሎ፣ እርጥብ እንደሆነ ወደ ውሁዱ መውሰድ ነው። ለማድረቅ በፎጣ መጥረግ ቅባቱን መልሶ ይቀባዋል። ወጥ በሚቁላላበት ቤት ውስጥ ይህን ሥራ መጀመር ደግሞ ዘይቱ በአየር ላይ እየዋኘ የታጠበውን ማበላሸት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ለአንድ ቀለበት፣ ለአንድ ጉትቻ ወይም ለሙከራ እንቁላል ይበቃል። ሁለት እንቁላል ከመጠን በላይ ማብሰል ያስፈልጋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቆላ ላለ ሰው 15 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ሲቆረጥ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ግራጫ ቀለበት ከታየ ድኙ ወጥቷል ማለት ነው። ትኩሱን ከነልጣጩ አድቅቆ፣ ሦስት አራት ሊትር በሚይዝ ክዳን ባለው የላስቲክ ዕቃ ውስጥ ማድረግ። መዳቡ እንቁላሉን መንካት የለበትም፤ የተገለበጠ ስኒ ላይ ይቀመጥ። ክዳኑ ሥር ጨርቅ ካልተወጠረ እንፋሎቱ ጠብ እያለ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሠራል። በግማሽ ሰዓት ወርቃማ ቡናማ ይሆናል፤ በሁለትና በሦስት ሰዓት ጠቆር ያለ ቡናማ። የእንቁላል መንገድ ለስላሳ ነው፣ አደጋውም ትንሽ ነው፤ ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር ከእሱ መጠበቅ የለበትም። እንቁላሉም ከዚያ በኋላ አይበላም፤ ይህን መጻፍ ባያስፈልግ ደስ ባለን።

ለትሪ፣ ለመስቀል፣ ለብዙ አምባር የሚሆነው የኖራና የድኝ ውሁድ ነው። ገበሬዎችና የፍራፍሬ አትክልተኞች ለዛፍ በሽታ የሚረጩት ራሱ ነው፤ ያንን ተዘጋጅቶ ያገኘ ሰው ሳይፈላ ሊጠቀምበት ይችላል። ልኩ በክብደት አንድ ኖራ፣ ሁለት ድኝ፣ ሃያ ውሃ ነው። ለቤት 20 ግራም ኖራ፣ 40 ግራም ድኝና 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ከበቂ በላይ ነው። ኖራው ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነው ይሁን። ድንጋይ የሆነው ጥሬው ኖራ ውሃ ሲነካው እየጋለ ይፈነጣጠርና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ድኙ ከገበያ ሲገዛ ሌላ ቢጫ አፈር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ቁንጥር በማንኪያ ይዞ ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ማቀጣጠል ነው። ጥሩ ድኝ መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ነበልባል ያወጣል፣ ማንኪያው ላይም ብዙ ነገር አይተውም። ጭሱ ያስላል፤ ስለዚህ ከምስር ፍሬ አይበልጥ፣ ወደ አፍንጫም አይጠጋ።

ድኝ ውሃ አይወድም፤ ዱቄቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ትንሽ ውሃ አድርጎ እንደ ሽሮ ሊጥ ካሹት በኋላ ኖራውንና የቀረውን ውሃ መጨመር ነው። የሚፈላበት ዕቃ የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ የአናሜል ድስት ይሁን። የአሉሚኒየም ብረት ድስት ውሁዱ ይበላዋል፤ የመዳብ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ድስቱ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይመለስም። ደጅ ላይ በመጠነኛ የከሰል እሳት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እየተማሰለ ይንተክተክ፤ የሚተነውን ውሃ በሙቅ ውሃ መተካት ያስፈልጋል። ውሃው ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ጠቆር ወዳለ ቀይ ሲለወጥና የሚንሳፈፈው ቢጫ ዱቄት ሲጠፋ ደርሷል። እንዲዘቅጥ ትቶ ጥሩውን ብቻ መቅዳት ነው። ሚዛን ትንሽ ቢዛነፍ አያሳስብም፤ የበዛው ከታች ይቀራል። አየር ውሁዱን ስለሚገድለው እስከ አፉ በተሞላ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠቆር ባለ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ጠርሙሱ ላይም መርዝ መሆኑ በጉልህ ይጻፍበት። ለስላሳ መጠጥ በነበረበት ጠርሙስ ማስቀመጥ ልጅ መግደል ነው።

ውሁዱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የላስቲክ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋሉ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የብር ቀለበትና ሐብል አውልቆ ራቅ ያለ ክፍል ማስቀመጥ ይሻላል፤ እንፋሎቱ ብቻ ያጠቁራቸዋል። ሥራው ደጅ እንጂ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይሠራም። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚያወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፤ ከዚያም የባሰው ነገር፣ መጠኑ ሲጨምር አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ራስ ምታት ወይም የዓይን ማቃጠል ከጀመረ ዕቃውን ትቶ ከዚያ መራቅ ነው።

ለመንከሪያ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሁድ ይበቃል፤ የገረጣ ጠጅ ይመስላል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው እጅ አይታዘዝለትም፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨምራል። አይጨመር። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ብዙ የራቀ አይሁን። ቴርሞሜትር ለሌለው፣ አንድ እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ቢደባለቅ እዚያው አካባቢ ያርፋል። መዳቡም ራሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ብረት ወደ ሙቅ ውሁድ ሲገባ ስሱ ጫፍ ይቀድምና ወፍራሙ መሐል ይዘገያል።

ከዚያ መንከር፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ። አውጥቶ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ማየት። መጀመሪያ ወርቅ ይመስላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወደ ብርቱካናማ ቀይ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ አንዳንዴም የእርግብ አንገት የመሰለ ሰማያዊ ያልፋል። ይህ ቀለም የሚመጣው ቆዳው ገና በጣም ስስ ስለሆነና ብርሃን ከላዩና ከሥሩ እየተንጸባረቀ ስለሚጋጭ ነው፤ ሌላ ቀለም ተጨምሮበት አይደለም። የወደደው ሰው እዚህ ሊያቆም ይችላል፤ ግን በቀላሉ ስለሚለወጥ ለሚለበስ ጌጥ አይታመንም። ጥቁር የፈለገ ይቀጥል። በየሦስት ንክሪያው መካከል እርጥብ ጣት ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ አድርጎ በጓንት ቀስ ብሎ ማሸት፣ ያልያዘውን ልል ጥላሸት ያነሳና ለሚቀጥለው ንክሪያ ጠንካራ መሠረት ይተዋል። ከስድስት እስከ አሥር ንክሪያ ድረስ ጥቁሩ ይሞላል። አንድ ጊዜ ነክሮ ለአምስት ደቂቃ መተው ተመሳሳይ ጥቁር በአንዴ ይሰጣል፤ ነገር ግን ወፍራምና ተሰባሪ ስለሆነ አምባሩ ሲታጠፍ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል።

በሥራ ላይ የሚታዩ ብልሽቶች ምንጫቸው ከላይ ካልነው አይርቅም። ቡናማ ላይ ቆሞ አልጠቁር ያለ ወይ ውሁዱ ቀዝቅዟል፣ ወይ አርጅቶ ቀለሙ ገርጥቷል፤ አዲስ መበጥበጥ ነው። ነጭ አቧራ የመሰለ ልባስ የወጣበት የኖራው ዝቃጭ ነው፤ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይነሳል፣ በሎሚ ግን አይሞከር። እጅ ላይ ጥቁር የሚለቅ ውሁዱ በርትቶበታል። በእርሳስና በቆርቆሮ የተበየደበት ስፌት ከመዳቡ እኩል አይጠቁርም፤ ግራጫ ሆኖ ይቀራልና ይህ ከመጀመሪያው ታስቦበት ስፌቱ ከኋላ ቢውል ይሻላል። ሙሉ በሙሉ የተበላሸን ሥራ እንደገና ለመጀመር ሎሚና ጨው አያዋጣም፤ ሰልፋይዱን ደካማ አሲድ አይፈታውም። በአመድና በደቃቅ አሸዋ፣ ካልሆነም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ቀዩ መፋቅ ነው።

መዳቡን ከሰል ላይ አግሎ ማጥቆርም ይቻላል የሚል አስተያየት አለ። ይጠቁራል፤ ግን የእሳቱ ጥቁር ኦክሳይድ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ከመዳቡ እኩል ስለማይኮማተር ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። ስሱ ቆርቆሮ ደግሞ ሲግል ይለሰልስና ቅርጹን ያጣል።

ከጠቆረ በኋላ ጌጥ የሚያደርገው መፈተጉ ነው። በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ፣ አራት ዜሮ የሚባለው፣ በሳሙና ውሃ ነክሮ ጎላ ያለውን ቦታ ብቻ በአንድ አቅጣጫ መጥረግ ነው። የተቀረጸው መስመር ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ጫፉ ቀይ ያበራል። በደረቁ ከተፈተገ የብረቱ ብናኝ መስመሩ ውስጥ ይቀርና ኋላ የብረት ዝገት ያወጣል።

ሰም ለጅማ ሰው ችግር አይደለም። ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ ግን እንዳለ አይቀባም፤ የቀረው የማር ስኳር እርጥበትና ጉንዳን ይጠራል። በብዙ ውሃ አቅልጦ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ፣ ከላይ የረጋውን ማውጣትና ይህን ሁለቴ መድገም ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ዕቃውን በጣም ሞቅ አድርጎ፣ የሰሙን ቁራጭ እየነካኩ በጥጥ ጨርቅ ማሰራጨት ይቻላል። ሲቀዘቅዝ መወልወል። ለተወሳሰበ ቅርጽ አንድ እጅ ሰም በሦስት እጅ አኳራጅ፣ ቀለም ቀቢዎች በሚያቀጥኑበት ማለት ነው፣ ይለሰልሳል፤ ሰሙ ሙቅ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ከቀለጠ በኋላ ከማንኛውም እሳት ርቆ ይደባለቅ። የሚለበስ አምባር ላብ ስለሚበላው በየወሩ ሰም ይፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ ያለ ትሪ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንዴ ይበቃዋል። ቫዝሊን መቀባት አቧራ መሰብሰብ ነው።

ናስ ላለው ሰው የገባነው ቃል አለ። ብዙ መዳብ የታጠበበት የሎሚና የጨው ውሃ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደላል፤ ቀልጦ የገባ መዳብ አለበት ማለት ነው። የጸዳውን ናስ እዚያ ውስጥ አድርጎ የብረት ሽቦ ወይም ሚስማር ናሱን እየነካ ቢቀመጥ፣ መዳቡ ከውሃው ወጥቶ ናሱ ላይ ሮዝ መሰል ስስ ልባስ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ልባስ በደንብ ታጥቦ በድኙ ይጠቁራል። ስስ ነውና አይፈተግም። በትንሽ ጠርሙስ ተዘጋጅተው የሚመጡ ናስንም የሚያጠቁሩ ፈሳሾች አሉ፤ መለያው ላይ ሴሌኒየም የሚል ካለበት መርዝነቱ ከባድ ነውና ለማድ ቤት ሰው አንመክረውም።

ምክራችሁ ያልነካው አንድ ነገር ደግሞ ምግብ ነው። ጠላ፣ ጠጅ፣ ሎሚ ያለበት ማንኛውም ነገር በተራቆተ መዳብ ውስጥ ሲቆይ መዳቡን ያሟሟል፤ የጠቆረም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ የዕቃው ውስጥና ከንፈር የሚነካው ጠርዝ አይጠቁርም። የስኒ ትሪ ላይ ችግር የለውም፤ ቆሎ የሚበተንበት ከሆነ ግን ሳህን ይደረግበት።

ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ትናንት የጠቆረን አምባር «የድሮ ነው» ብሎ መሸጥም እንዳለ እናውቃለን። የእጅ ሥራ ማጥቆር ጌጥ ነው፣ ዕድሜ ማስመሰል ማጭበርበር ነው። ገዢ ልብ ብሎ ካየ ይለየዋል፤ በእውነት ያረጀ አምባር ክንድ በሚነካው በኩልና ጠርዙ ላይ ተፈትጎ የሳሳ ነው፣ የተደበቀው ቦታ ብቻ ይጠቁራል። ዙሪያውን አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆነና ጠርዙ እጅ የሚቆርጥ ከሆነ አዲስ ነው።

የቀረው ፍሳሽ ነው። አወይቱ ወንዝ ውስጥ፣ ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ በሚወርድ ቦይ አይደፋም፤ በውሃ ውስጥ ያለ መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ለዓሣ መርዝ ነው። የበለጠ የሚያሳስበው ድኙ ሳይሆን ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነው የሎሚ ውሃ ነው። ጥቂት የተፋቀ ሚስማር ወይም የብረት ሱፍ ለአንድ ሁለት ቀን ቢጣልበት መዳቡ ብረቱ ላይ ይሰፍራል፤ ሰማያዊነቱ ሲጠፋ አረፋ እስኪያቆም አመድ ጨምሮ አሲዱን መግደል ነው። የድኙ መንከሪያ ከዚህ ውሃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ አሲድና ድኝ ሲገናኙ የሚወጣውን ጋዝ ከላይ ተናግረናል። ለብቻው ሰፋ ባለ ዕቃ ከልጅና ከከብት ርቆ ደጅ ላይ ጥቂት ቀን ሲቆይ ሽታው ይጠፋል፣ ይነጣል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ቀጥኖ አትክልት በሌለበት ደረቅ መሬት ላይ ይፈስሳል።

የአቼቶና የበረኪናው ማረሚያ ምክሩ በወጣበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣልን እንጠይቃለን። ቦታ ከጠበበ የቀረውን ሁሉ ቆርጣችሁ እሱን ብቻ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፤
በጅማ ከተማ በመዳብና በናስ ጌጥ ሥራ ላይ የምንገኝ አንባቢዎች